ዓመቱ ሲገባደድ እጄ ላይ የቀሩ ነገሮች

የዓመቱ የመጨረሻ ዕትም ሲደርስ ደብዳቤዎቻችሁ ተስማምተው የተጻፉ ይመስላሉ። «ዘንድሮ የወደድሽውን ንገሪን» ነው ነገሩ። እሺ፣ ልንገራችሁ። መስፈርቴ አንድ ነው። ዕቃው ወይም አፑ አዲስ መሆን የለበትም። አዲስነቱ ካለፈ በኋላም፣ ማንም ሳያስታውሰኝ፣ እጄ ወደሱ መሄድ አለበት። በዚህ መስፈርት ብዙ ነገር ወድቋል።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረምሽ? አንቺ ዝርዝር ታበዢያለሽ፣ እኔ ደግሞ ዝርዝር አልወድም። ከዓመቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብትባይ ምን ትመርጫለሽ? ለምንስ?
(ዝርዝር የሰለቸው)

መልስ፦ ባይኖኩላር። ማሰብም አላስፈለገኝ።

ባይኖኩላር ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ወታደር ወይም አዳኝ ነው። የሰማይ ነገር ሲነሳ ደግሞ ሁሉም ወደ ቴሌስኮፕ ይሮጣል። ርካሽ ቴሌስኮፕ ግን እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉን ይገለብጠዋል፣ አንድ ኮከብ ፈልጎ ለማግኘት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ አልጋ ሥር ይገባና እዚያው ይቀራል። ባይኖኩላር አንገት ላይ ይንጠለጠላል። በር ከፍተህ ወጣህ ማለት ሥራ ጀመርክ ማለት ነው።

በጨረቃ ጀምር። ሙሉ ስትሆን ግን አይደለም። ያኔ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ጥላ የላትም፣ ጥላ ከሌለ ደግሞ ጉድጓዱም ጉብታውም አይለይም። ግማሽ እስክትሆን ጠብቅና ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበትን መስመር ተከትለህ ተመልከት። ጉድጓዶቹ ጠርዛቸው በርቶ፣ ሆዳቸው ጠቁሮ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አንዳንዴ ከመስመሩ ወዲያ፣ ጨለማው ውስጥ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻዋን ታበራለች። የተራራ ጫፍ ናት። ከታች ላለው ሜዳ ፀሐይ ገና አልወጣችም፣ ለጫፉ ግን ወጥታለች። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ቀስቅሼ አስወጥቻለሁ። አንድ ሁለቱ እስካሁን ቅር እንዳላቸው ነው።

ጁፒተር የተባለው ፕላኔት በሚታይበት ወቅት ደግሞ ክርንህን ግድግዳ ላይ አስደግፍና ወደሱ አነጣጥር። ደማቅ፣ ትንሽዬ ክብ ታያለህ። ከግራና ከቀኙ፣ አንድ መስመር ላይ የተሰለፉ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ። አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት፣ ሲቀናህ አራት። የጁፒተር ጨረቃዎች ናቸው፤ አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድና ካሊስቶ ይባላሉ። ጣሊያናዊው የሰማይ ተመራማሪ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 ራሱ በሠራው ቴሌስኮፕ ሲያያቸው መጀመሪያ ተራ ከዋክብት ነበር የመሰሉት። በማግሥቱ ሲያይ ግን ቦታ ቀይረዋል። ያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ሰማይ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ምድርን ነው የሚዞረው ይሉ ነበር። እነዚህ አራቱ ግን ጁፒተርን ሲዞሩ ተገኙ። አንተም ያንኑ ነው የምታየው፣ ያውም በሁለት ዓይንህ።

አዮ ጁፒተርን በ42 ሰዓት ገደማ ትዞረዋለች። ካሊስቶ ግን ወደ 17 ቀን ይፈጅባታል። ስለዚህ ነገ ስትወጣ ሰልፉ ሌላ ነው። እኔ አንድ ክብና ጥቂት ነጥቦች ደብተር ላይ እስላለሁ፣ ቀኑን ከጎኑ እጽፋለሁ፣ አለቀ። የሥዕል ችሎታ አይጠይቅም። ደርደር አድርገህ ስታያቸው ነጥቦቹ ሲመላለሱ ይታያሉ።

ፕልያዲስ የሚባለውን የከዋክብት ዘለላም አትርሳ። በባዶ ዓይን ስድስት ወይም ሰባት ኮከብ ነው። በባይኖኩላር በደርዘን የሚቆጠሩ ይሆናሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በባይኖኩላር ፀሐይን ማየት የለም። ለሰኮንድም ቢሆን። ዓይን ይጠፋል፣ መድኃኒትም የለውም። ልጆች ካሉ ቀን ቀን የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዕትም ስለ ባይኖኩላር ጠቀስ አድርገው ነበር። ልጄ አንድ ሊገዛልኝ አስቧል። ሻጩ «20 ጊዜ የሚያጎላው ይሻላል» አለው። ዕድሜዬ ከስልሳ አልፏል፣ መነጽርም አደርጋለሁ። እነዚያ ቁጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ ቢያስረዱኝ?
(ጡረተኛው)

መልስ፦ አባቴ፣ ሻጩን አይስሙት።

8×42 የሚል ሲያዩ፣ 8 ማለት ስምንት ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው። 42 የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሻጮች የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው የሚጮሁት። ነገር ግን ዕቃው የሚያጎላው ኮከቡን ብቻ አይደለም፣ የእጅዎንም መንቀጥቀጥ ነው። 20 ጊዜ የሚያጎላ ባይኖኩላር ያለ ማቆሚያ እግር ከያዙ ጨረቃዋ ስትጨፍር ያመሻሉ። ከ7 እስከ 10 ያለው ለእጅ በቂ ነው። እኔ 8 ነው የምይዘው።

ሌላው ለእርስዎ ዕድሜ የሚጠቅም ስሌት ነው። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ያካፍሉት። 42 ለ8 ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ይመጣል። ይህ ከባይኖኩላሩ ወጥቶ ዓይንዎ ውስጥ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የወጣት ዓይን ብሌን ጨለማ ውስጥ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። ዕድሜ ሲገፋ ይጠባል፣ ብዙዎቻችን ጋ ወደ 5 ይወርዳል። ስለዚህ 7×50 የሚባለው ትልቁ፣ 7 ሚሊ ሜትር የሚሰጠው፣ ከብርሃኑ ከፊሉን ዓይንዎ አይቀበለውም። ክብደቱን ግን አንገትዎ ይሸከመዋል። ኪስ የሚገባው 10×25 ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ይሰጣል። ለቀን ጥሩ ነው፣ ሌሊት ግን ያጨልማል።

መነጽርዎን ሳያወልቁ ማየት ከፈለጉ «አይ ሪሊፍ» የሚለውን ቁጥር ይጠይቁ። ዓይንዎ ከሌንሱ ምን ያህል ርቆ ሙሉውን ምስል እንደሚያይ ነው የሚናገረው። 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። የዓይን ማሳረፊያው ጎማም የሚታጠፍ ወይም ወደ ውስጥ የሚጠመዘዝ መሆን አለበት።

ከተገዛ በኋላ ብዙ ሰው የማይነካት አንዲት ነገር አለች። የቀኙ ዓይን ማያ ላይ የምትዞር ቀለበት ናት፣ ዳዮፕተር ትባላለች። መጀመሪያ የቀኝ ዓይንዎን ይጨፍኑና መሃል ላይ ባለችው ማስተካከያ ምስሉን በግራ ዓይንዎ ጥርት ያድርጉት። ከዚያ የግራውን ይጨፍኑና ቀለበቷን ብቻ እያዞሩ ለቀኙ ጥርት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ሁሌም የመሃሏን ብቻ ነው የሚነኩት። «ባይኖኩላር ራሴን ያመኛል» ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ይህችን ያላስተካከሉ ናቸው።

እና «ዙም» ያለው አይግዙ። ምስሉ ጠባብ፣ ብርሃኑ ደካማ ነው። ልጅዎን ያክብርልኝ።

ጥያቄ፦ የዓመቱ ምርጥ ስልክ የትኛው ነው?
(ቸኩያለሁ)

መልስ፦ ኪስህ ውስጥ ያለው። ካልተበላሸ ምን አሳደደህ?

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ አፕ እጭናለሁ፣ በሳምንቱ አጠፋለሁ። አንቺ ጋ ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፋ የቆየ አለ? እስቲ የማይጨቀጭቅ ንገሪኝ።
(ጫኝና አጥፊ)

መልስ፦ ሁለት አሉ።

አንደኛው ሬዲዮ ጋርደን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተጀመረ ነው። ስትከፍተው ሉሉ ብቅ ይላል፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ነጥቦች ተበትነዋል። እያንዳንዱ ነጥብ በዚያች ቅጽበት የሚሰራጭ የሬዲዮ ጣቢያ ያለበት ቦታ ነው። ሉሉን በጣትህ ታሽከረክራለህ፣ ያቆምክበት ቦታ ሬዲዮ ይናገራል። አንዳንድ ጣቢያ አልከፈት ይላል፣ ችላ በለውና እለፍ።

የምወደው ማምሻውን ነው። እኔ ልተኛ ስል ሌላ ቦታ ጎህ እየቀደደ ነው። አንድ ጋዜጠኛ በማላውቀው ቋንቋ፣ በዚያ የጠዋት ፍጥነት፣ የሆነ ነገር ይዘረዝራል። የመንገድ መጨናነቅ ይሁን የአየር ሁኔታ እንጃ። ከዚያ ይስቃል። ጓደኛው አቋርጦት ይገባል። አንዲት ቃል አልገባኝም፣ ግን ሁለቱ እንደሚዋደዱ ገብቶኛል። ሙዚቃ የሚመርጥልህ ብልህ አፕ ሞልቷል። ያ የወደድከውን መልሶ ያመጣልሃል። ይሄኛው ግን ስለ አንተ ምንም ለማወቅ አይሞክርም፣ ለዚያ ነው የቆየው።

ሁለተኛው ስቴላሪየም ነው። ሰማዩን ከነከዋክብቱ ስም ያሳያል። ኮምፒውተር ላይ በነፃ ይወርዳል፣ ስልክ ላይም አለ። እዚያ የሚያበራው ማን እንደሆነ ማወቅ ስትፈልግ ስልክህን ወደሱ ማዞር ነው። ስክሪኑን ቀይ የሚያደርግ የሌሊት ገጽታ አለው፣ እሱን ተጠቀም። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ነጭ የስልክ ብርሃን ግን በሰኮንዶች ያን ሁሉ ገደል ይከተዋል። ቀይ ብርሃን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እርምጃ የሚቆጥር ስማርት ሰዓት ሊገዛልኝ ነው። 10 ሺህ እርምጃ ካልሞላሁ ዋጋ የለውም ይላል። ከወደድሻቸው ነገሮች ውስጥ አለ?
(ሰነፏ ሚስት)

መልስ፦ የለም። ሰነፍም አይደለሽ።

10 ሺህ የሚለው ቁጥር ከሐኪም ቤት የመጣ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው ሥሩ። ክብ ቁጥር ነበር፣ ለማስታወቂያ ተመቸ፣ ዓለምን ዞረ። መራመድ ጥሩ ነው፣ ከዚያ በታችም ቢሆን ይጠቅማል። ሰዓቱ የሚያነሳሳው ሰው አለ፣ አልክድም። እኔን ግን የተቀመጥኩበት መጥቶ «ተነሺ» የሚለኝ ዕቃ ያናድደኛል። ባልሽ አብሮሽ ይራመድ። እሱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሌሊት እነቃና ስልኬን አነሳለሁ፣ ከዚያ እንቅልፍ የለም። ዘንድሮ የረዳሽ ነገር ካለ አካፍዪኝ።
(እንቅልፍ አጥ)

መልስ፦ ተራ የማንቂያ ሰዓት። ኢንተርኔት የሌለው፣ ደወል ብቻ ያለው። ስልኩን መኝታ ቤት የምናስገባበት ትልቁ ሰበብ «ማንቂያዬ ነው» የሚለው አይደል? ሰበቡን ውሰጅበት፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። ስትገዢ ሁለት ነገር እይ። ሲሄድ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ተዪው። ቁጥሩ ሌሊቱን ሙሉ በሰማያዊ ብርሃን የሚያበራ ከሆነም ተዪው። እንቅልፍ ማጣቱ ወራት ካስቆጠረ ግን የሰዓት ጉዳይ አይደለም፣ ሐኪም ይይሽ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። አነባለሁ፣ ይገባኛል፣ ፈተና ሲደርስ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። እህት፣ የሞከርሽው ዘዴ አለ?
(ጭልጥ አለብኝ)

መልስ፦ አለ፣ አንኪ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተርና አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፣ አይፎን ላይ ያስከፍላል። መልኩ አያምርም፣ ከወዲሁ ልንገርሽ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥያቄና መልስ ያለው ካርድ ትሠሪያለሽ። ጥያቄውን ያሳይሻል፣ በልብሽ ትመልሺያለሽ፣ ገልጠሽ ታያለሽ፣ ከዚያ ቀለለኝ ወይም ከበደኝ ብለሽ ትጫኚያለሽ። ከረሳሽው ቶሎ ይመልሰዋል። ካወቅሽው ያርቀዋል፤ ነገ፣ ከዚያ ከቀናት በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንታት፣ ከዚያ ከወራት በኋላ። ልትረሺው ስትይ ነው የሚመጣብሽ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላትን ራሱ እየሸመደደ፣ በስንት ጊዜ ምን ያህሉ እንደሚጠፋበት መዘገበ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። አብዛኛው የሚጠፋው መጀመሪያ ላይ ነው፣ በሰዓታትና በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ። ከዚያ የተረፈው ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። አንቺ ጋ ያለው ችግርም ይኸው ነው። የፈተና ዋዜማ አንድ ሌሊት ከማደር፣ ያንኑ ሰዓት በየቀኑ ቆርሶ ማዳረስ ይበልጣል።

ካርድ አሠራር ላይ ግን ተጠንቀቂ። እኔ የምጠቀምበት ለከዋክብት ስም ነው። ኦሪዮን የሚባለውን፣ በአዳኝ ሰው ቅርጽ የሚሳለውን የከዋክብት ስብስብ እንውሰድ። «ስለ ኦሪዮን አብራሪ» የሚል ካርድ አይረባም፣ መልሱ መቼም ተመሳሳይ አይሆንም። «ኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለው ቀላ ያለው ኮከብ ማን ነው?» መልሱ፦ ቤቴልጅስ። «እግሩ ላይ ያለው ነጣ ሰማያዊውስ?» ሬጀል። አንድ ካርድ፣ አንድ ነገር። ሰው የሠራውን ካርድ ከማውረድ ራስሽ ሥሪ፣ ግማሹ ጥናት የሚያልቀው ስትሠሪው ነው። አዲስ ካርድም በአንድ ቀን አታግበስብሺ። ዛሬ መቶ ካስገባሽ በሳምንቱ መቶው ከነክለሳው ይመጣብሻል፣ ያኔ ታጠፊዋለሽ። ያልገባሽን ነገር ደግሞ ካርድ ላይ አታስፍሪ። አንኪ ያስታውስሻል እንጂ አያስተምርሽም።

ጥያቄ፦ ዓይኔ ማንበብ እያቃተው ነው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በድምፅ ማግኘት እፈልጋለሁ፣ ለመክፈል ግን አቅሜ አይፈቅድም። በስርቆት የተጫነም አልፈልግም።
(ሃቀኛው)

መልስ፦ ሊብሪቮክስ ለእርስዎ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች መጻሕፍት በድምፅ የሚያነቡበት ነፃ ድረ ገጽ ነው። የሚያነቡት የባለቤትነት መብታቸው ያበቃ የቆዩ መጻሕፍትን ስለሆነ በሕግ በኩል ንጹሕ ነው። የድምፅ ቅጂዎቹንም ለሕዝብ ለቀዋቸዋል።

የአንባቢው ችሎታ ግን እንደ ሎተሪ ነው። አንዱ ሲያነብ መተንፈስ ያስረሳል፣ ሌላው ማይክሮፎኑን ባልዲ ውስጥ ያስቀመጠው ይመስላል። አንዳንዱን መጽሐፍ ደግሞ ለየምዕራፉ ሌላ ሰው ያነበዋል። በወዳጅነት የኖሩት ገጸ ባሕርይ በድንገት ድምፁ ተቀይሮ ይመጣል። ሲፈልጉ «ሶሎ» የሚለውን ይምረጡ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰው ያነበበው ማለት ነው። አንድ የሚጥምዎ አንባቢ ካገኙ ስሙን ይጫኑና ሌላ ምን እንዳነበበ ይዩ። እኔ አሁን መጽሐፍ ሳይሆን አንባቢ ነው የምመርጠው። በየምዕራፉ መጀመሪያ «ይህ የሊብሪቮክስ ቅጂ ነው» የሚል ማስታወቂያ አለ፤ መጀመሪያ ያሰለቻል፣ በኋላ ጆሮ ይለምደዋል።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባችን ሊሰናበት ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ቁጥሩን ሁሉ በእርሳስ ነው የሚጽፈው። ትንሽ ስጦታ፣ ግን የማይጣል፣ ትጠቁሚን?
(ከቢሮው ሰዎች)

መልስ፦ ኩሩ ቶጋ የምትባል እርሳስ አለች። ከላይ ሲጫኗት ሊድ፣ ማለትም የሚጽፈውን ቀጭን ዘንግ፣ የምታወጣ፣ መቅረጫ የማትፈልግ ናት። የሠራት ሚትሱቢሺ እርሳስ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው። ከመኪናው ሚትሱቢሺ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ስማቸው ብቻ ነው የገጠመው። እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የወጣችው።

ተራዋ የሊድ እርሳስ አንድ ጠባይ አላት። ሊዱ በአንድ ጎኑ ያልቃል፣ ጫፉ እንደ ስለት ይሆናል። መስመሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል፣ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ኩሩ ቶጋ ውስጥ ጥቃቅን ጥርሶች ያሏቸው ቀለበቶች አሉ። ሊዱ ወረቀት በነካና በተነሳ ቁጥር ትንሽ ያዞሩታል። በመጀመሪያው ሞዴል 40 ጊዜ ሲነካ አንድ ሙሉ ዙር ይሆናል። ስለዚህ ጫፉ ከሁሉም ጎን እኩል ያልቃል፣ ሹል እንደሆነ ይቆያል። እጅ ሳያነሱ ቀጣጥለው ለሚጽፉ ሰዎች ብዙም አትሠራም፣ ካልተነሳች አትዞርማ። ለቁጥር ግን ልክ ናት። ለፊደላችንም እንደዚያው፤ «ጨ»ን ለመጻፍ ስንቴ እጅ እንደሚነሳ አስቡት።

ስትይዟት ጫፏ በጣም ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ወጣ ትላለች። አንዳንድ ሰው ይህ ይረብሸዋል፣ ስለዚህ ከመጠቅለላችሁ በፊት አንዳችሁ ሞክሯት። 0.5 የሚለውን ውፍረት ውሰዱ፣ 0.3 እጁ ለሚከብድ ሰው ይሰበራል። አንድ ሁለት ፓኮ ሊድ ጨምሩበት። ጥንካሬው ኤችቢ ወይም ቢ ይሁን፣ ውፍረቱም ከእርሳሷ ጋር አንድ መሆኑን እዩ።